የቀኑ ጥቅል

ፍቅር ሲባል ሰው ሁሉ ጨረቃና አበባ ይጠራል። የፋርማሲስቷ ፍቅር ግን ከጨረቃም ከአበባም ጋር ጉዳይ አልነበረውም፤ ጉዳዩ ሁሉ ከቤቱ የኢንተርኔት ጥቅል ጋር ነበር።

አባቷ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው። ጡረታ ወጡ ሲባል ቢሮውን አስረከቡ ማለት ነው እንጂ ሹመቱን ማን አስረከበ! ሰፈሩ ዛሬም «ዳይሬክተሩ» ነው የሚላቸው፤ እሳቸውም ቤታቸውን እንደ ትምህርት ቤት ያስተዳድራሉ። በሥራ ዘመናቸው ተማሪ ሲጠሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም። በረንዳ ላይ ይቆሙና የቀኝ እጃቸውን አንዲት ጣት ሁለት ጊዜ እጥፍ ዘርጋ ያደርጋሉ፤ አለቀ። ግቢው ጸጥ ይላል፣ የተጠራው ልጅ ኮሌታውን እያስተካከለ ይሄዳል። ለሽልማት ይሁን ለቅጣት የሚያውቀው ቢሮ ከገባ በኋላ ነው።

ኢንተርኔት ቤት በገባ ዕለት ደንብ ወጣለት። የቀኑ ጥቅል ትንሽ ስለሆነ ለቁም ነገር ብቻ ይውላል። ቁም ነገር ማለት ዜና ማንበብና ባሕር ማዶ ከሚሠራው የመጀመሪያ ልጃቸው ጋር በቪዲዮ መነጋገር ነው፤ ሌላው ክልክል። ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት የሚሠራው የሌሊት ጥቅል ግን እንደ ልብ ነው፤ ጥቅሉን የሚሸጠው ድርጅት ሰው በሚተኛበት ሰዓት ቸር ይሆናል። ለዚህኛው ዳይሬክተሩ ደንብ አላወጡለትም። በዚያ ሰዓት ነቅቶ የሚገኝ ጨዋ ሰው ይኖራል ብለው አላሰቡም።

ፋርማሲስቷም ነቅታ አልተገኘችም። የሚነቃው ላፕቶፗ ነበር።

ቁም ሳጥኗ ውስጥ፣ ከጫማዎቿ ጎን ተቀምጦ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ማንም ሳይነካው ይነሳል። ሩቅ ቦታ ያለ አንድ ስልክ ይፈልጋል። ሲያገኘው ያ ስልክ የያዘላትን ቪዲዮ ይቀበላል፣ የእሷን ይሰጣል፣ ሊነጋጋ ሲል ራሱን ይዘጋል። መሃል ላይ አደራ የሚቀበል ሦስተኛ የለም፤ ሁለቱ ሌሊት ይገናኛሉ፣ ከእጅ ወደ እጅ ይለዋወጣሉ፣ ይለያያሉ። ጠዋት ስትነሳ የሚያስፈልጋት ነገር ሁሉ ወርዶ ይጠብቃታል። ይህን ለመሥራት ብዙ ተሳስታለች። መጀመሪያ ሰሞን ላፕቶፑ ሲነሳ የሚያሰማው ዜማ አክስቷን ቀስቅሶ «ሌባ!» አስብሏል። ሌላ ጊዜ ቶሎ እንዲወርድላት ብላ የቪዲዮውን ጥራት ቀነሰችና ጠዋት ብትከፍተው የሰውየው ጣቶች ጉም ሆነው አገኘቻቸው። ለሌላ ሰው ፊት ከታየና ድምፅ ከተሰማ ይበቃል። ለእነሱ ግን ጣት ካልታየ ቃል የለም።

ሰውየው መስማት የተሳነው አናጢ ነው።

የተዋወቁት በፋርማሲው መስኮት ነበር። መጋዝ እጁን ጎድቶት መድኃኒት ሊወስድ መጣ፤ ባልደረባዋ «በቀን ሁለት ጊዜ! ሁለት ጊዜ!» እያለ ሲጮህበት አናጢው ሳቀ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ በደህናው እጁ ፀሐይን አወጣት፣ ፀሐይን አስገባት፣ በሁለቱም ላይ ኪኒን ዋጠ። «እንዲህ ማለታችሁ ነው?» ማለቱ ነበር። በፋርማሲስቷ ልብ ውስጥ የሆነ ነገር ቦታውን ለቀቀ። ቁስሉ ከዳነ በኋላም ፋሻ ሊገዛ ይመላለስ ጀመር፤ እሷም ፋሻ ሸጣለት አታውቅም፣ ቋንቋውን እየተማረች ትመልሰዋለች። ስምም አወጣላት። ኪኒን እንደሚቆጥር ሰው ሁለት ጣቱን መዳፉ ላይ ያንሸራትታል፤ ያ እሷ ናት። እናትና አባቷ ካወጡላት ስም ይልቅ በዚህኛው ስትጠራ ነበር ሰው ነኝ የምትለው።

ለአባቷ ስትነግራቸው ዳይሬክተሩ ጋዜጣቸውን አጠፉ።

«በምን ቋንቋ ልታወሩ ነው?» አሉ። «እኔ ልጄን ያስተማርኩት እጁን ከሚያወናጭፍ ደንቆሮ አናጢ ጋር ልትኖር ነው?»

ያን ቃል ይቅር አላለቻቸውም፤ እሳቸውም ይቅርታ አልጠየቁም።

ብዙም ሳይቆይ አናጢው ከተማውን ለቆ ሄደ። ሩቅ ሸለቆ ውስጥ ሆስፒታል እየተገነባ ነው፤ በርና መስኮቱ የእሱ ነው። ሸለቆው ውስጥ የስልክ መረብ የለም። ኢንተርኔት ያለው በሥራ ቦታው ቢሮ ብቻ ነው፤ እሱንም ቀን ቀን አለቆቹ ይሻሙበታል። አናጢው ለምኖ አንድ አሮጌ ስልክ እዚያ ሰክቶ እንዲያሳድር ተፈቀደለት። በዚያም በዚህም ሌሊት ብቻ። ጻፍልኝ አትለውም፤ ጽሕፈት ለእሱ የተዋሰው ኮት ነው፣ ትከሻው ላይ ይጠብበታል። በእጁ ሲናገር ግን ቀልዱም ቁጣውም ሙሉ ነው።

እንዲህ ሲሉ ኖሩ። በመጨረሻ ትዕግሥቷ አለቀና ካሜራው ፊት ቆማ «እስከ መቼ ነው በሌሊት? ወንድ ከሆንክ በቀን መጥተህ አባቴን አነጋግር!» ብላ ላከችለት።

መልእክቷ በዚያው ሌሊት ተላለፈ፤ በሁለተኛው ጠዋት መልሱን ፍለጋ ላፕቶፑን ስትከፍት ግን ቪዲዮ የለም። ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ብቻ፦ «ሌላኛው ወገን አልተገኘም።» በሚቀጥለውም ጠዋት እንዲሁ፤ በሚቀጥለውም። ማሽኑ የተቋረጠው በማን በኩል እንደሆነ አይናገርም። እሷ ግን ተረጎመችው። ስልኩን ነቅሎታል፤ አባቴን አነጋግር ስለው ሸሸኝ፤ መልሱ ይኸው ነው አለች። አልቅሳ ስትጨርስ ተናደደች፣ ተናድዳ ሳትጨርስ አባቷ የአንድ ኢንጂነር ነገር አነሱባት። የወዳጃቸው ልጅ ነው፣ ጨዋ ነው፣ እናቱ ሊያዩሽ ይፈልጋሉ አሏት።

«ይምጡ!» አለች። እልህ ነው ያናገራት።

እነሆ ዛሬ የሚመጡበት ቀን ነው።

* * *

እኩለ ቀን አልፏል። ሳሎኑ ተወልውሏል፣ የሶፋው ልብስ ተቀይሯል፣ ዳይሬክተሩ ትልቁን ቴሌቪዥን ራሳቸው ጠርገውታል። ታላቅ ወንድሟ ከባሕር ማዶ በቪዲዮ ገብቶ በእንግዶቹ ፊት ቃል ሊሰጥ ነው። ለዚህ ሲሉ ሳምንቱን ሙሉ ዜና እንኳ ሳያነቡ ጥቅሉን ቆጥበውታል።

ፋርማሲስቷ መኝታ ቤት ቀሚሷን ትተኩሳለች። እናቷ ካረፉ ወዲህ ያሳደገቻት አክስቷ፣ የአባቷ ታናሽ እህት፣ ከወዲያ ወዲህ ትላለች፤ ነጠላ ጫማዋ ሲንጣጣ ቤቱ ሙሉ ሰው ያለ ይመስላል።

«ሚጣዬ፣ እስቲ ስትጨርሺ ያን የዋይፋይ ሶኬት ሰክተሽልኝ ነይ። ዛሬ በጣጣው ጠዋት መሰካቱን ረስቼው! ወንድም ጋሼ ቢያየው ይገለኛል።»

«ማን ነቅሎት ነው?»

«እኔ ነኛ! ማታ ማታ እነቅለው የለ?»

ፋርማሲስቷ ካውያዋን እንደያዘች ቀና አለች። «ማታ ማታ?»

«የጎረቤታችን ቴሌቪዥን ከተቃጠለ ጀምሮ ምን እንቅልፍ አለኝ ብለሽ! እሱ እንኳ ተዘግቶ የሚያድር ዕቃ ነው። ይኼ ግን ሌሊቱን ሙሉ ዓይኑን ሲያርገበግብ ነው የሚያድር፤ አንድ ቀን እሳት አይተፋም ትያለሽ? ዕቃም እኮ እንደ ሰው ዕረፍት ይፈልጋል። ስተኛ እነቅለዋለሁ፣ ስነሳ እሰካዋለሁ፤ ማን ተጎዳ?»

የጎረቤቱ ቴሌቪዥን የተቃጠለው ፋርማሲስቷ «በቀን ና» ብላ በላከች ማግሥት ነበር።

ቆማ ቀረች። ሌላኛው ወገን አልተገኘም። ያልተገኘው ወገን እሷ ነበረች! እነዚያ ሁሉ ጠዋቶች፣ እነዚያ ሁሉ እርግማኖች፣ ትራስ ነክሳ ያለቀሰችው ሁሉ፣ አንዲት ደግ ሴት ዕቃ ልታሳርፍ ብላ በነቀለችው ሶኬት።

«ሚጣ! ካውያው! ኧረ ቀሚሱ ተቃጠለ!»

ቀሚሱ ደረቱ ላይ የካውያ ቅርጽ ታትሞበት ጨሰ። አክስቷ ጭንቅላቷን ይዛ ስትጮህ ፋርማሲስቷ ካውያውን አቁማ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ኮሪደሩ ውስጥ ገብታ ሶኬቱን ሰካችው። ትንሽ ቆይቶ ዋይፋዩ ዓይኑን ማርገብገብ ጀመረ። ያን አረንጓዴ ብርሃን ስታይ አክስቷንም፣ ራሷንም፣ ይህን ቤት ሙሉ ደንብም በአንድ ላይ አንቃ ብትጥለው ደስ ባላት።

* * *

ላፕቶፑን ከቁም ሳጥኑ አውጥታ በጠራራ ፀሐይ አልጋው ላይ ከፈተችው። በእኩለ ቀን ብርሃን አውጥታው አታውቅም፤ ክዳኑ ላይ በአቧራ የታተመ የጣት አሻራ ነበረበት። ተስፋም አላደረገችም። የእነሱ ሰዓት ሌሊት ነው፤ በዚህ ሰዓት በወዲያ በኩል ማን ስልክ ይሰካል? ኖሮም ቢሆን ትቶታል።

ስክሪኑ ጥግ ላይ የእሱ ስልክ መኖር አለመኖሩን የምታሳየው ነጥብ አረንጓዴ ሆነች።

አለ። በዚህ ሰዓት፣ በእኩለ ቀን፣ አለቆቹ ኢንተርኔቱን በሚሻሙበት ጊዜ፣ ያ አሮጌ ስልክ ተሰክቶ ይጠብቃል። ከነጥቧ ሥር ደግሞ፦ ሦስት ቪዲዮዎች እርስዎን ይጠብቃሉ፤ የተፈቀደው ሰዓት ሲደርስ ይጀመራል።

አፏን በመዳፏ ያዘች።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች አክስቷ የተቃጠለውን ቀሚስ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ።

ነገረቻት። ቶሎ ቶሎ፣ እየተንተባተበች፣ ከላፕቶፑ ጀምራ እስከ ሶኬቱ። አክስቷ መጀመሪያ አልገባትም፤ ሲገባት አልጋው ጫፍ ላይ ዘፍ አለች።

«ወይኔ! ስንት ጊዜ ሙሉ ያን ልጅ በር ላይ ያቆምኩት እኔ ነኝ?»

«አላወቅሽማ።»

«እኔ እኮ እንዳይቃጠል ብዬ ነው!» ዓይኗ እንባ ሞላ። «በቃ፣ ዛሬ ሌሊት አልነቅለውም። ሌሊት ይወርድልሻል። አሁን ተነሽና ሌላ ልብስ ልበሺ፤ እንግዶቹን እንሸኛቸውና...»

ብልሃቱ እሱ ነበር። ፈገግ ብሎ መቀበል፣ ማሳለፍ፣ ሌሊቱን መጠበቅ። ፋርማሲስቷ ስንት ነገር በዚህ ብልሃት አሳልፋለች! ግን አንድ ነገር አላስችላት አለ። ሰውየው በቀን እየጠበቃት ነው። ራሷ «በቀን ና» ብላዋለች። እሱ በቀን ቆሞ እሷ ሌሊት እስኪመሽ ልትደበቅ ነው?

የግቢው በር ተንኳኳ። የዳይሬክተሩ «እንኳን ደህና መጣችሁ!» ከበረንዳው ተሰማ።

«አሁን ነው የማወርደው» አለች።

«አብደሻል? የወንድምሽን ጥሪ ልታጠፊ ነው! ሳምንቱን ሙሉ ያጠራቀመው...»

«አውቃለሁ።»

ሰዓቱን ከሌሊት ወደ አሁን አዞረችው። ላፕቶፑ፣ እሱም የዚህ ቤት ዕቃ አይደል፣ ፈራ መሰለኝ ጠየቃት፦ ከተፈቀደው ሰዓት ውጭ ይቀጥሉ? «አዎ» የሚለውን ተጫነችው።

ቀሚሷ ተቃጥሏል። ሌላ ቀሚስ አልፈለገችም። ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን ነጭ የሥራ ጋውን አወረደችና ለበሰች፤ አናጢው መጀመሪያ ሲያያት ያ ነበር የለበሰችው። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ስትቆልፍ ፍርሃቷ ወደ ታች እየወረደ እየወረደ እግሯ ሥር ቀረ።

* * *

ኢንጂነሩ በእውነት ጨዋ ሰው ነበር፤ ለዚህ ታሪክ እንዲመች ብሎ ክፉ አልሆነልንም። ጋውኗን አይቶ «ከሥራ ነው የመጡት?» አላት፣ «አዎ፣ ሥራ ላይ ነኝ» አለችው። እናቱ ወፈር ያሉ፣ ሳቂታ ሴት ናቸው። ዳይሬክተሩ ግን ጋውኑን ከላይ እስከ ታች በዓይናቸው አረሙት፤ ቀይ እስክሪብቶ ብቻ ነው የጎደላቸው።

ቴሌቪዥኑ ላይ ታላቅ ወንድሟ ብቅ አለ። ከረባት አስሯል።

«እንግዲህ አባዬ፣ የተከበራችሁ እንግዶች» ብሎ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እኔ በአካል ባልገኝም፣ እህቴ ለእኔ... እህቴ...»

አፉን እንደከፈተ ደረቀ። አንድ ዓይኑ ተጨፍኗል፣ አንደኛው ክፍት ነው። የኢንጂነሩ እናት ትንሽ ጠበቁና «ልቡ ተነክቶ ነው» አሉ። ወዲያው የዳይሬክተሩ ስልክ ጢን አለ። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፤ ፊታቸው ቀለም ለወጠ።

«ጥቅሉ አልቋል ይላል። እንዴት ያልቃል? ጠዋት አይቼዋለሁ! ማነው በዚህ ቤት ውስጥ...»

«እኔ ነኝ አባዬ።»

ፋርማሲስቷ ተነስታ ወደ መኝታ ቤት ገባች፤ ላፕቶፑን በሁለት እጇ ይዛ ተመለሰች። ሁለቱ ቪዲዮዎች ወርደዋል፣ ሦስተኛው መንገድ ላይ ቀርቷል። ቴሌቪዥኑ ጀርባ ያለውን ገመድ ስባ ሰካችው። የወንድሟ አንድ ዓይን ጠፋ፤ በምትኩ ሰጋቱራ ትከሻው ላይ የተነሰነሰበት ሰው ብቅ አለ። ከኋላው ግድግዳ ላይ የተደገፉ በሮች አሉ። ዝም ብሎ ያያታል። ያን እይታ ከፋርማሲው መስኮት ጀምሮ ታውቀዋለች።

«አጥፊው» አሉ ዳይሬክተሩ።

አላጠፋችውም።

«በእንግዳ ፊት! አጥፊው እኮ ነው የምልሽ!»

«ድምፁን ጨምሩት እንጂ፣ ምን እንደሚል አይሰማም» አሉ የኢንጂነሩ እናት።

«ድምፅ የለውም እማማ። እኔ እነግርዎታለሁ።»

ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመች። አናጢው ሁለት ጣቱን መዳፉ ላይ አንሸራተተ፤ ስሟን ጠራት። ከዚያ እጆቹ ተነሱ፣ እሷም በእሱ ፈንታ ተናገረች።

«የላክሽውን አየሁ። ልክ ነሽ፤ ሌሊት የሚመጣ ሰው ለልጅቷም ለቤቱም ክብር የለውም። እመጣለሁ። በቀን፣ በዋናው በር። ደወሉን እደውላለሁ። መጮኹን ግን አላውቅም፤ ስለዚህ በሩ እስኪከፈት ድረስ ቆሜ እጠብቃለሁ። አባትሽ ይቆጡኛል ብለሽ አትስጊ፤ ቢቆጡም አልሰማቸውም።»

አናጢው ስክሪኑ ላይ ሳቀ። የኢንጂነሩ እናት ፍርፍር ብለው ሳቁና ዳይሬክተሩን ሲያዩ አፋቸውን በመሐረብ ሸፈኑ። ሁለተኛው ቪዲዮ ቀጠለ። ከስቷል። ጺሙን አልተላጨም። የፋርማሲስቷ ድምፅ እዚህ ላይ መሰበር ጀመረ፤ ግን አላቆመችም።

«መልሴን አልወሰድሽውም። ስልኩ አልተገኘችም ይለኛል። ተቆጥተሽ ይሆናል፣ ወይ ሌላ ነገር ይሆናል፤ አልጠይቅሽም። የልጆቹን ክፍል በር ጨረስኩ። እጀታውን ዝቅ አድርጌ ገጠምኩት፤ ሕፃን ልጅ ራሱ ከፍቶ እንዲገባ። አለቃው ለምን አለኝ፤ በር ላይ መቆምን ስለማውቀው ነው አልኩት። ስልኩን ከእንግዲህ ቀንም አልነቅለውም፤ ተቆጥተውኛል፣ ይቆጡ። ሰዓትሽን ስለማላውቅ ሁሉንም ሰዓት እጠብቅሻለሁ።»

ስክሪኑ ጠቆረ። አክስቷ አፍንጫዋን ተናፈጠች።

«ጨረስሽ?» አሉ ዳይሬክተሩ።

«አልጨረስኩም። አባዬ፣ በምን ቋንቋ ልታወሩ ነው ብለውኝ ነበር። ይኸው በዚህ ነው። እኔ ይህን ሰው በትርፍ ሰዓት አልወደድኩትም። ማንም በማይፈልገው ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ሲተኛ፣ ለእኔ ይበቃኛል ብዬ ተቀብዬ ኖርኩ። እንደ ሌባ! ምን ሰርቄ? ወንድሜ ቃሉን በቀን ጥቅል ከላከ፣ የእኔም ሰው ቃሉን በቀን ጥቅል ይልካል። ደንቡን አፍርሻለሁ። ነገም አፈርሰዋለሁ።» ወደ ኢንጂነሩ ዞረች። «እርስዎን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይምጡ ያልኩት በእልህ ነው፤ አልበደሉኝም።»

ኢንጂነሩ ተነሳ። ጥቂት ጊዜ የጠቆረውን ስክሪን አየ።

«እማዬ፣ እንነሳ» አለ ቀስ ብሎ። «ይህ ቤት ሌላ እንግዳ ነው የሚጠብቀው።»

«መጨረሻውን ሳናይ?» አሉ እናቱ ዓይናቸውን እየጠረጉ። ልጃቸው ክንዳቸውን ሲይዛቸው እንኳ ወደ ቴሌቪዥኑ እየዞሩ ነበር።

በሩ ሲዘጋ ፋርማሲስቷ አላፈረችም። ታፍራለች ብላ ጠብቃ ነበር፤ የመጣላት ግን ረሃብ የሚመስል ደስታ ነው።

* * *

ዳይሬክተሩ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ቆዩ። አክስቷ ብርጭቆ ታነሳለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች። በመጨረሻ ጥፋቷን መሸከም አቃታት።

«ወንድም ጋሼ፣ የዚህ ሁሉ ጦስ እኔ ነኝ። ሶኬቱን ማታ ማታ እኔ ነኝ የምነቅለው።»

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ማንም። እኔም እንደሷ ደንቡን አፈረስኩት መሰለኝ» አለችና ራሷ በተናገረችው ነገር ደነገጠች።

ዳይሬክተሩ አንዷን አዩ፣ ሌላዋን አዩ። በአንድ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤቱ ሙሉ ያመፀባቸው ይመስሉ ነበር። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሦስተኛው ምን ይላል?»

ፋርማሲስቷ የሰማችውን አላመነችም። «አላውቅም። ሳይወርድ ጥቅሉ አለቀ።»

«ታዲያ ሌሊት ይወርዳላ። የሌሊቱ እንደ ልብ ነው።» ይህን ያሉት ወደ መስኮቱ እያዩ ነበር።

ሌላ ቀን ቢሆን ይህችን ታህል ከአባቷ አፍ ስታገኝ እግራቸው ላይ በወደቀች። ዛሬ ግን ራሷን ነቀነቀች።

«አይ አባዬ። የሌሊቱ በቃኝ። ነገ ጠዋት አውቶብስ እሳፈራለሁ። ሦስተኛውን ራሱ ፊት ለፊቴ ቆሞ ይነግረኛል።»

«ፈቃድ የሰጠሽ ማነው?»

«ፈቃድ አልጠየቅሁም። እያወቁት እንድሄድ ብዬ ነው የነገርኩዎት።»

ዳይሬክተሩ ተነሱ፤ ቁመታቸው ዛሬም የበረንዳው ቁመት ነው። ወደ መኝታ ቤታቸው ሊገቡ በሩ ድረስ ሄደው ቆሙ። ጀርባቸውን እንደሰጧት ተናገሩ።

«እዚያ ስትደርሺ... አባትሽ ምን አሉ ቢልሽ?»

«ምን ልበለው?»

ዞሩ። ያን ሁሉ ዘመን ሲያስተምሩ፣ ሲገሥጹ፣ ሲመክሩ የኖሩ ሰው ለዚህ የሚሆን ቃል አጡ። ከዚያ ቀኝ እጃቸው ቀስ ብሎ ተነሳ። አንዲቷ ጣት እጥፍ አለች፣ ተዘረጋች። እንደገና እጥፍ አለች፣ ተዘረጋች።

ና።

ለሽልማት ይሁን ለቅጣት ከፊታቸው አይነበብም። እሳቸውም ገና የወሰኑ አይመስሉም ነበር።

«ይህንኑ ነው የማደርስለት» አለች ፋርማሲስቷ።

«አይፈራም?»

«ደወሉ መጮኹን ሳያውቅ በር ላይ የሚቆም ሰው ምን ይፈራል!»

ዳይሬክተሩ ገቡ። በሩን ግን አልዘጉትም።

ላፕቶፑን ወደ ቁም ሳጥኑ አልመለሰችውም። ሳሎኑ መሃል፣ ሁሉም ሲያልፍ ሲያገድም በሚያየው ጠረጴዛ ላይ ተወችው። ሻንጣዋን አወረደች፣ ነጩን ጋውን አጣጥፋ ከላይ አደረገችው። ከዚያ መስታወት ፊት ቆማ የአባቷን ጣት ተለማመደች። አላለሰለሰችውም፣ ፈገግታም አልጨመረችበትም። እንደተሰጣት፣ ከነግርማው፣ በቀን ልታደርሰው ነው። ሁለት ጊዜ እጥፍ፣ ሁለት ጊዜ ዘርጋ፤ በሦስተኛው ሙከራዋ ልክ መጣላትና እንባዋ እየወረደ ጮክ ብላ ሳቀች።